ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃምን?

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በአንድ ወዳጄ ቤት ለቡና ተሰብስበን ነበር። ከእንግዶቹም መካከል ሁለቱ መምህራን፥ አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ሹም፥ አንዱም እኔ ነበርን። የቤቱ ልጅ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፥ እኛን ደስ ለማሰኘት ብሎ አንድ የጃፓን ሙዚቃ ከፈተልን። ሙዚቃው እንደ ነጐድጓድ ነበረ። ሹሙ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፥ «ልጄ፥ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም በትሕትና፥ «ጋሼ፥ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ነው፤ ዜማዎቹ ግን የጃፓን ሕፃናት በቴሌቪዥን ያዩአቸው ከነበሩት የሥዕል ፊልሞች የተወሰዱ ናቸው» ብሎ መለሰ። በዚህ ጊዜ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ከመምህራኑም አንደኛው፥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ ተረቱ። ተማሪው ሙዚቃውን ዘግቶ ሲኒዎቹን ለመሰብሰብ ተነሣ።

እኔም ከሣቁት ጋር ሣቅሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ሣቅ ነው። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ያን አልበም ፈልጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት፤ ስለ ሠሪዎቹም አነበብሁ። ከዚህም በኋላ የፈረድነው ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ መሆኑን ተረዳሁ። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ በችሎት ላይ ቢገኝ እንዴት እንደምንነቅፈው የታወቀ ነው፤ ነገሩ ስለ ሙዚቃና ስለ ሥነ ጥበብ ሲሆን ግን ይህንኑ ጥፋት እንደ ጨዋታ እንቈጥረዋለን። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ ጉዳዩን እንደገና አይተን እንድንፈርድ እለምንሃለሁ። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተነገረ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

አልበሙ «አኒሜታል ማራቶን» ይባላል፤ የወጣውም በ1997 ነው። ሠሪው «አኒሜታል» የተባለ በ1996 ተነሥቶ እስከ 2006 የቆየ የጃፓን ቡድን ሲሆን፥ ስሙ «አኒሜ» ከሚለው የሥዕል ፊልም መጠሪያና «ሜታል» ከሚለው የሙዚቃው ስም የተጋጠመ ነው። ዘፋኙ ኤይዞ ሳካሞቶ ከዚያ በፊት «አንሰም» በተባለው የጃፓን ሄቪ ሜታል ቡድን ውስጥ ድምፁን ያስመሰከረ ሰው ነው። የአልበሙም አሠራር እንዲህ ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው የሥዕል ፊልም ታሪኩ ከመጀመሩ አስቀድሞ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል የሚቆይ የመክፈቻ መዝሙር አለው። ቡድኑ እነዚህን መዝሙሮች በዚያው በአጭር ልካቸው ወስዶ፥ በኤሌክትሪክ ጊታርና በሁለት እግር በሚረገጥ ከበሮ እያጀበ፥ አንዱን ከሌላው እያያዘ ያለ ዕረፍት ያስኬዳቸዋል። ማራቶን መባሉም ስለዚህ ነው።

ማራቶን የሚለው ቃልና የጃፓን ስም በአንድነት ሲነሡ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። በጥቅምት ወር 1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ አደባባይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ፥ ብዙ የጃፓን ሕፃናት ያን ድል ያዩት በዚያው በቴሌቪዥን ሣጥን ነው። እንግዲህ ያ ሣጥን ለሕፃናት ያሳያቸው ሁሉ ከንቱ ነበር ለማለት እኛ የመጨረሻዎቹ ልንሆን ይገባናል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በዚያ ቀን የቀረበው ክስ ሦስት ነበረ። የመጀመሪያው፥ «ይህ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የሕፃናት ነገር ስለ ሆነ የዐዋቂ ጆሮ አይገባውም» የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ብልሃት ያለበት ነው፤ እርሱም፥ «ነገሩ ሁሉ የነጋዴ ሥራ ነው፤ ጐልማሶችም ማደግ አንፈልግም ሲሉ ያለፈውን ዘመናቸውን ይገዙበታል» የሚል ነው።

ስለ ጩኸቱ አስቀድሜ ልናገር። ሄቪ ሜታል የተወለደው በእንግሊዝ አገር፥ የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በበርሚንግሃም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። «ብላክ ሳባት» የተባለው ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። የዚህ ቡድን ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ ገና በ17 ዓመቱ የብረት ሰሌዳ በሚሠራበት ፋብሪካ ሲያገለግል ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቈረጠበት። እርሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ የጊታሩንም ክሮች ለቈሰለው እጁ እንዲመቹ እያላላ ድምፁን አወረደው። ያ የከበደና የጠቈረ ድምፅ ከዚህ የተነሣ መጣ። ይህ እንግዲህ የሰነፍ ጩኸት ሳይሆን ሥራ ያቈሰለው እጅ ከቍስሉ ያወጣው ድምፅ ነው።

ደግሞስ ጩኸትን የምንጸየፍ እኛ ማን ነን? ቀረርቶና ፉከራ በጆሮ ሹክሹክታ ይባላሉን? ጀግናው ስሙን እየጠራ፥ ጠላቱን እየዛተ፥ ጐፈሬውን እየነሰነሰ ሲሸልል «ድምፅህን ቀንስ» ያለው ሽማግሌ ማን ነው? ኀይለኛ ድምፅ ለኀይለኛ ነገር ሲሆን ያምራል። የእነዚያም የሥዕል ፊልሞች መዝሙር በባሕርዩ የጀግና ሽለላ ነው፤ የጀግናውን ስም ይጠራል፥ መሣሪያውን ይቈጥራል፥ ለደካማ እንደሚቆም ይናገራል። እንዲህ ያለው ዜማ በከበሮና በጊታር ነጐድጓድ ቢታጀብ ከቦታው የወጣ አይደለም፤ እንዲያውም ቦታውን አገኘ ማለት ይቻላል። ጩኸት የምንለው ሥርዓት የሌለውን ድምፅ ነው። እዚህ ግን ከበሮ መቺው አንድ ምት ቢያዛንፍ፥ ያለ ዕረፍት የተያያዘው ሁሉ ይፈርሳል። ሥርዓት ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሁለተኛው ክስ ዋነኛው ነው። «የሕፃናት ነገር ነው» ተባለ። መልካም፤ የሕፃናት ነገር ከሆነ ማን ሠራው? ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ከመካከላችን ማንም አልጠየቀውም።

የጃፓን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1953 ነው። በ1963 ዓመት መባቻ፥ ጥር 1 ቀን፥ በኦሳሙ ቴዙካ የተሣለው የሮቦቱ ሕፃን የአቶም ታሪክ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። የአቶምን መዝሙር ግጥም የጻፈው ሹንታሮ ታኒካዋ ነው። ታኒካዋ ማን ነው? በ2024 በ92 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ በአገሩ ከታላላቆቹ ባለ ቅኔዎች አንዱ ሆኖ የኖረ፥ ሥራውም በብዙ ቋንቋ የተተረጐመለት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ባለ ቅኔ፥ «ይህ ለሕፃናት ነው፤ የተረፈኝን ቃል ልስጣቸው» አላለም። በ1974 የታየው የጠፈር የጦር መርከብ የያማቶ መዝሙር ዜማ የሂሮሺ ሚያጋዋ፥ ግጥሙም በአገሩ ዘፈን ጸሓፊዎች ዘንድ ስሙ የገነነው የዩ አኩ ነው። የዘፈነው ኢሳኦ ሳሳኪ ደግሞ ሥራውን በ1960 የጀመረው የጃፓን ኤልቪስ ፕሬስሊ እየተባለ የሮክ ዘፋኝ ሆኖ ነው። እንግዲህ ሮክ ወደ ሕፃናቱ መዝሙር የገባው አኒሜታል ከመነሣቱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበር። እነ ሳካሞቶ ባዕድ ነገር አልጨመሩበትም፤ በውስጡ የነበረውን አወጡት።

በ1972 የተጀመረውን የማዚንገር ዜድን ታሪክ ደግሞ እንመልከት። ብላቴናው ትልቁን ሮቦት በራሱ ላይ ተቀምጦ የሚነዳበት ይህ ታሪክ ዜማው የሚቺያኪ ዋታናቤ ነው፤ ዋታናቤ በ2022 በ96 ዓመቱ ያረፈ፥ ዕድሜውን በዜማ ድርሰት የፈጸመ ሰው ነው። ዘፋኙ ኢቺሮ ሚዙኪ ነው። የጃፓን አድማጮች ለሚዙኪ «አኒኪ» የሚል ስም አወጡለት፤ ትርጓሜው ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ብንሆን «ጋሼ» እንለው ነበር። ይህ ሰው በ1999 በ24 ሰዓት ውስጥ 1000 ዘፈን በመድረክ ላይ ዘፈነ። በመጨረሻም የሳንባ ካንሰር ይዞት ሳለ መድረኩን አልተወም፤ በኅዳር ወር 2022 መጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ለአድማጮቹ ዘፈነ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈ። ለሕፃናት መዝፈን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ቢቈጥረው ኖሮ፥ የቀረችውን ትንፋሹን ለዚያ ይሰጥ ነበርን?

ስለዚህ የአኒሜታልን አልበም የማከብርበት ምክንያት ይህ ነው። ቡድኑ ካነሣቸው ዜማዎች መካከል የማዚንገርና የያማቶ ይገኙባቸዋል። እነዚህን ዜማዎች ከከባዱ ብረት በታች አስገብቶ ፈተናቸው። የነቀዘ ምሰሶ ከባድ ጣሪያ ቢጫንበት ይሰበራል፤ ጽኑ ምሰሶ ግን ጣሪያው ሲጫንበት ጽናቱ ይታያል። ዜማዎቹ ደካሞች ቢሆኑ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ በታች ደቅቀው በቀሩ ነበር። አልደቀቁም። ሃያ አምስት ዓመት ያህል በሕፃን አፍ ሲዘመሩ የኖሩት ዜማዎች ከዐዋቂዎች ከባድ መሣሪያ ጋር በትከሻ ተገፋፍተው ቆሙ። በ2011 ደግሞ አሜሪካውያን የሙያው ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዱ የ«ጁዳስ ፕሪስት» ከበሮ መቺ ስኮት ትራቪስ፥ «አኒሜታል ዩኤስኤ» በሚል ስም ተሰብስበው እነዚያኑ ዜማዎች ተጫወቱ። በጃፓን ቴሌቪዥን ፊት ያላደጉ ሰዎች ናቸውና የልጅነት ናፍቆት አሳታቸው ሊባል አይቻልም።

አሁን ሦስተኛውን ክስ እንይ። እዚህ ላይ ለባላጋራዎቼ የሚገባቸውን እሰጣለሁ፤ እውነት ይዘዋልና። የአቶም ታሪክ ወጪውን የሸፈነለት የከረሜላና የቸኮላታ ፋብሪካ ነበረ። ቴዙካም ፊልሙን ለቴሌቪዥን ጣቢያው ከወጪው በታች ሸጦ ጉድለቱን በመጫወቻና በሌላም ዕቃ ላይ ስሙን በማከራየት ይሞላ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ወጣት ሠዓልያን በትንሽ ደመወዝ ሌሊቱን ሲሥሉ ያድሩ ነበር። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላም ዕዳ ሆኖ ቀርቷል። የጀግናውን ስም ደጋግሞ የሚጠራው መዝሙርም በሱቅ የተደረደረውን የጀግናውን መጫወቻ ለማስገዛት ጠቅሟል። ይህን አልክድም።

በአልበሙም ላይ ነቀፌታ አለኝ። ዜማዎቹ በቴሌቪዥን ልክ ስለ ተቈረጡ አንዱ ዜማ ገና ልብን ሲነካ ሌላው ይተካዋል፤ ጆሮ የሚያርፍበት፥ ሐሳብም የሚሰፋበት ጊዜ የለም። ከታወቁ የሄቪ ሜታል ቡድኖች የጊታር ሐረግ እየቀነጨቡ በየመካከሉ መሰንቀራቸውም አንዳንድ ጊዜ ብልሃት፥ አንዳንድ ጊዜም ቀልድ ይመስላል። ፊታቸውን ቀብተው መቅረባቸው ደግሞ ለሚሣቅባቸው ሰው ሰበብ ይሰጠዋል። ሥራውን ስለ ወደድሁት ጉድለቱን አልሸሽግም።

ነገር ግን በነጋዴ እጅ ያለፈ ሁሉ የነጋዴ ነው ከተባለ ምን የሚተርፍ ነገር አለ? መጽሐፍ በነጋዴ እጅ ያልፋል። ጥበብ ያለበት የሸማ ጥለት በገበያ ይሸጣል፤ የሸማኔው ጥበብ ግን ከገበያው በፊት ነበረ፥ ከገበያውም በኋላ ይኖራል። ከረሜላው በአንድ ቀን ተበልቶ አልቋል፤ የታኒካዋ ቃል ግን ዛሬም አለ። ነጋዴው ሕፃኑን ሊሸጥለት ፈለገ፤ ባለ ቅኔው ደግሞ በዚያው በር ገብቶ ሕፃኑን አከበረው። ከሁለቱ የትኛው በሕፃኑ ልብ ውስጥ እንደ ቀረ አልበሙ ራሱ ምስክር ነው።

ስለ ናፍቆቱም ቢሆን ሁለት ዓይነት ትዝታ አለ። አንደኛው ትዝታ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ድሮ መልካም ነበር፥ አሁን ክፉ ነው እያለ ቀኑን ይፈጃል። ሁለተኛው ትዝታ ተነሥቶ ይሠራል፤ ከልጅነቱ የተቀበለውን በጐልማሳ ሙያው ይመረምራል፥ ያድሳል፥ ለሚመጣውም ያስተላልፋል። ማደግ አልፈልግም የሚል ሰው የልጅነት ዜማውን እንደ ነበረ ይዘፍነዋል እንጂ፥ ጣቱ እስኪላጥ ተለማምዶ በከባድ መሣሪያ አይፈትነውም። እነዚህ ሰዎች አድገዋል፤ ካደጉም በኋላ ያሳደጋቸውን አልካዱም። ይህን ማመስገን እንጂ መንቀፍ አይገባም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ነገሩ የጃፓን ብቻ አይደለምና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፥ ተስፋዬ ሳህሉ በሕፃናት ፊት ቀርቦ ተረት ይነግር ጀመር። ከአርባ ዓመት በላይ ሕፃናቱን በአበባና በፍሬ እየመሰለ ሰላምታ ሰጣቸው። ሕፃናቱም ማዕርግ ሰጡት፤ «አባባ» አሉት። የጃፓን አድማጮች ዘፋኛቸውን ታላቅ ወንድም እንዳሉት፥ የእኛዎቹም ሕፃናት ተራቻቸውን አባት አሉት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ሽበት ያወጡ ሰዎች እንደ ሕፃን አዘኑለት። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። በተማሪዎቻችን ፊት ስለ ሥነ ጽሑፍ ስንናገር ከዚህ ሰው ተረት አነጋገር፥ ከድምፁ አወጣጥ፥ ከዝምታው ልክ ምን እንደምንማር ስንት ጊዜ አስተምረናል? ወይስ እርሱንም «የልጆች ነው» ብለን ለልጆች ትተነዋል?

ለሕፃናት የሚሠራውን መናቅ ጕዳቱ በሕፃናቱ ላይ ነው። ሹሙ የሚንቀውን ሥራ ለማይችል ሰው ይሰጠዋል፤ መምህሩ የሚንቀውን መጽሐፍ አያነብም፤ ደራሲው ከሚናቅ ሙያ ይሸሻል። ከዚህም በኋላ ልጆቻችን የባዕድ አገር የሥዕል ፊልም ብቻ ያያሉ እያልን እናማርራለን። ማን ሠራላቸውና? ጃፓን ከታላላቆቿ ባለ ቅኔዎች አንዱ ለሮቦት ሕፃን ግጥም እንዲጽፍ ጠየቀች፤ እርሱም ጻፈ። በሌላው ዓለም እንደ ውርደት የሚታየውን እርሱ እንደ አደራ ተቀበለው። ፍሬውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ታየ፤ ሕፃናቱ አድገው የተሰጣቸውን አደራ በራሳቸው መሣሪያ መለሱ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ የሕፃናት ዝግጅት በእጃችሁ ሲገባ ለተረፈው ሰው ሳይሆን ለተመረጠው ሰው ስጡት። መምህራን ሆይ፥ ተማሪ የወደደውን ይዞ ሲመጣ ከመሣቃችሁ በፊት «ማን ሠራው? እንዴት ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ሙሉ ትምህርት አለ። ተማሪዎችም ሆይ፥ የምትወዱትን በመውደድ ብቻ አትቁሙ፤ የዜማውን ደራሲ ስም፥ የግጥሙን ጸሓፊ ስም እወቁ፤ በታላላቆቻችሁም ፊት በዕውቀት ተከራከሩለት።

ተረቱ፥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ተረቱን አልሽርም፤ በቦታው እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ያለ ቦታው ተተረተ። የእነዚያን መዝሙሮች ሊጥ ያቦካው ልጅ አልነበረም፤ ለልጅ ብለው በሙሉ ክንዳቸው ያቦኩት ባለ ቅኔዎችና የዜማ ሊቃውንት ነበሩ። ልጆቹም አድገው ምጣዱን አግለው ጋገሩት። እንጀራው ከብዷል የሚል ቢኖር መብቱ ነው፤ ለራት አልደረሰም የሚል ግን ወደ ገበታው ሳይቀርብ ነው የሚናገረው።

እኔ በመጪው እሑድ ወደዚያው ወዳጄ ቤት ለቡና ተጠርቻለሁ። ተማሪውን፥ «ልጄ፥ ያን ያቋረጥነውን ሙዚቃ ከመጀመሪያው አሰማን» ልለው አስቤአለሁ። ሹሙም መምህራኑም ይኖራሉ። የሚሣቅ ካለ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ይሣቅ።